መንገድ የማይገባበት መጠለያ

የዩኮን ወንዝ ከካናዳ ተነሥቶ አላስካን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ አቋርጦ ቤሪንግ ባሕር እስኪገባ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። በአላስካ ምድር ሲያልፍ የተሠራለት ድልድይ አንድ ብቻ ነው። ድልድዩ 700 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ወለሉ ሳንቃ ነው፤ ከደቡቡ ዳር ወደ ሰሜኑ ቁልቁል ያዘነበለ በመሆኑ መኪናው ሳይነዱት ራሱ የሚወርድ ይመስላል። ከጎኑ አንድ ወፍራም የነዳጅ ቧንቧ አብሮት ይሻገራል። ጭነት መኪና ሲያልፍ ሳንቃው ይንጓጓል። ከሥር ያለው ውኃ ግን የበረዶ ግግር ፈጭቶ የላከውን አመድማ ደለል ተሸክሞ ጸጥ ብሎ ይወርዳል፤ ፍጥነቱ የሚታወቀው የተነቀለ ግንድ ተንሳፍፎ ሲያልፍ ብቻ ነው።

ድልድዩ ያለበት መንገድ ዳልተን ሃይዌይ ይባላል። ከፌርባንክስ ከተማ ሰሜን ተነሥቶ እስከ አርክቲክ ውቅያኖስ ዳርቻ 666 ኪሎ ሜትር ይዘልቃል። ከዩኮን ወደ ሰሜን ያለው ክፍል የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1974 ሲሆን (ሌሎቹም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ሥራው የወሰደው 154 ቀን ብቻ ነበር። ያስቸኮለው ነዳጅ ነው። ፕሩዶ ቤይ ላይ የተገኘውን ድፍድፍ ዘይት ወደ ደቡብ ወደብ የሚያወርድ 1,287 ኪሎ ሜትር ቧንቧ ሊዘረጋ ስለነበር መጀመሪያ ብረቱንና ሠራተኛውን የሚያደርስ መንገድ አስፈለገ። ዛሬም የመንገዱ ጌታ ጭነት መኪናው ነው። አብዛኛው ክፍል ጠጠር ነው፤ ስልክ አይሠራም፤ ነዳጅ የሚቀዳው በሦስት ቦታ ብቻ ሲሆን፣ ከኮልድፉት ተነሥቶ እስከ መጨረሻዋ ጣቢያ እስከ ዴድሆርስ 386 ኪሎ ሜትር ድረስ አንድም ማደያ የለም። የኪራይ መኪና የሚሰጡ አብዛኞቹ ድርጅቶችም በዚህ መንገድ መኪናቸው እንዲሄድ አይፈቅዱም።

አብሮኝ የተጓዘው ታላቅ የአጎቴ ልጅ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ከግዛት ግዛት ጭነት እያመላለሰ የሚኖር፣ የመንገድ ነገር የሚገባው ሰው።

«መኪናውን ሳታየው አቧራውን ታያለህ» አለኝ፣ ገና አስፋልቱ እንዳለቀ። «ያን ጊዜ ቀኝህን ያዝና ቀስ በል። ካልቀነስክ ጠጠሩ መስታወቱን ይበላዋል።»

«አንተ ብትነዳ አይሻልም፣ ጋሼ?»

«በኋላ እደርስበታለሁ። አሁን መብራትህን አብራ።»

ቀኑ ብሩህ ነበር። በዚህ መንገድ ግን ጠራራ ፀሐይም ቢሆን መብራት አይጠፋም፤ በአቧራ ውስጥ አንዱ ሌላውን የሚያይበት ሌላ ዘዴ የለውም።

ከድልድዩ ማዶ ፋይቭ ማይል የሚባል የካምፕ ቦታ አለ። ከመሬት ራሱ እየፈለቀ የሚፈስ የጉድጓድ ውኃ ስላለው መንገደኛ ሁሉ ጄሪካኑን ይዞ ይቆማል። ቦታው ለጥ ያለ ጠጠር ነው፤ የዱር አገር ካምፕ ሲባል ሰው የሚጠብቀው ዓይነት ውበት የለውም። ምክንያቱን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፦ ቧንቧው ሲዘረጋ የሠራተኞች ሰፈር የነበረው እዚሁ ላይ ነው። በዳልተን ላይ ድንኳን ከሚተከልባቸው ቦታዎች አንዳንዶቹ እንዲህ ናቸው፤ ዘይት ፈላጊው ጠርጎ የተዋቸው አደባባዮች። እኔ ይህን እንደ ጉድለት አላየሁትም። ቀድሞ በተነካ መሬት ላይ ማደርና ያልተነካውን ባለበት መተው የማከብረው አሠራር ነው።

ከድልድዩ ወደ ላይ፣ ወንዙ ከሚመጣበት አቅጣጫ፣ ዩኮን ፍላትስ የዱር እንስሳት መጠለያ ይገኛል። ስፋቱ 35,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ወንዙ እዚያ ሲደርስ ከተራራ መካከል ወጥቶ ሜዳ ያገኛል፤ ይበታተናል፣ ይጠማዘዛል፣ በየዓመቱ መንገዱን ይቀይራል፤ ትቷቸው የሄዳቸው አሮጌ ጎድጓዳ ቦታዎች ሐይቅ ይሆናሉ። የሐይቆቹ ቁጥር በአሥር ሺዎች ይቆጠራል። ከሰሜን አሜሪካ ማዶ ለማዶ የሚመጡ ዳክዬዎች በብዙ መቶ ሺዎች እዚህ ይራባሉ። ወደዚህ መጠለያ የሚያስገባ የመኪና መንገድ የለም፤ የሚገባው በጀልባ ወይም ውኃ ላይ በሚያርፍ ትንሽ አውሮፕላን ነው።

ከዚህ አብዛኛው ግን ዛሬ ከውኃ በታች ሊሆን ይችል ነበር። በ1950ዎቹ የአሜሪካ ጦር ሠራዊት መሐንዲሶች ከአሁኑ ድልድይ ወደ ታች፣ ራምፓርት በተባለው ጠባብ ገደል ላይ፣ ወንዙን ገድበው ኤሌክትሪክ ለማመንጨት አቀዱ። ከግድቡ ኋላ የሚፈጠረው ሐይቅ 27,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍናል ተባለ፤ ዘጠኝ ጣና ማለት ነው። የአላስካው ሴናተር ኧርነስት ግሩኒንግ የዕቅዱ ዋነኛ ጠበቃ ነበር። የሚሰጥመው መሬት ለሰው የማይረባ ረግረግ ነው የሚለው ክርክር በጊዜው ብዙ ጆሮ አግኝቶ ነበር። መሬቱ ላይ ግን ፎርት ዩኮንና ስቲቨንስ ቪሌጅን የመሰሉ መንደሮች ነበሩ፤ ነዋሪዎቹ ከዓሣውና ከአደኑ የሚኖሩ የአትባስካን ሕዝቦች ናቸው። እነርሱ ተቃወሙ። የዱር እንስሳት ባለሙያዎችም የሚጠፋውን ዳክዬና መንገዱ የሚዘጋበትን ዓሣ ቆጥረው አቀረቡ። በ1967 የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ስቱዋርት ዩዳል ዕቅዱን እንደማይደግፉ አስታወቁ፤ ነገሩም በዚያው ቀረ። ረግረጉ ከ13 ዓመት በኋላ በሕግ የታወቀ መጠለያ ሆነ። ድልድዩ ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ ለሚያይ ሰው ይህን ታሪክ ማወቅ ይጠቅማል፤ ከዓይኑ የሚሰወረው ሜዳ ሊቀር የቻለው ሰዎች ስለተከራከሩለት ነው።

ወንዙ ግን ግድብ ስላልተሠራበት ብቻ አልዳነም። ኪንግ የሚባለው ትልቁ ሳልመን ዓሣ ከባሕር ተነሥቶ፣ አንዳንዱ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ወንዙን ሽቅብ እየዋኘ፣ ራሱ በተወለደበት ምንጭ እንቁላሉን ጥሎ ይሞታል። ጉዞው ላይ አይበላም፤ ስንቁ ከባሕር ያጠራቀመው ስብ ነው። የዩኮን ዓሣ በስቡ የሚወደደውም ለዚህ ነው። ባለፉት ዓመታት ቁጥሩ በጣም ወደቀ። የውኃው መሞቅ፣ በሽታ፣ በባሕር ላይ የሚደርስበት ሁሉ ተደራርቦ ይነሣል። በ2024 አላስካና ካናዳ ኪንግ ሳልመን ለሰባት ዓመት፣ ማለትም ለአንድ ሙሉ የዓሣው ዕድሜ፣ እንዳይጠመድ ተስማሙ። በሰኔ መገባደጃ፣ ድሮ ቢሆን ዓሣው እየተሰነጠቀ በየወንዙ ዳር በጭስ በሚደርቅበት ወቅት፣ እኛ ስንደርስ ዳርቻው ላይ ዓሣ የሚያጠምድ ሰው አላየንም። ለጎብኚ ይህ አንድ ትርኢት ማጣት ነው። ለወንዙ ሰዎች ግን የክረምት ቀለብና ለልጅ የሚተላለፍ ሙያ ነው የተቋረጠው፤ ከአባቱ ጋር ዓሣ ሲሰነጥቅ ያላደገ ልጅ በሰባት ዓመት ውስጥ ጎረምሳ ይሆናል።

የአሜሪካ መጠለያዎች ከብሔራዊ ፓርኮቹ የሚለዩበት ነገር አለ። ፓርክ ለሰው ዓይንም ጭምር የተሠራ ነው፤ በመጠለያ ግን ቅድሚያ የሚሰጠው ለእንስሳው ነው፤ ጎብኚ የሚስተናገደው እንስሳውን እስካልጎዳ ድረስ ነው። ሥርዓቱ የተጀመረው በ1903 ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በፍሎሪዳ አንዲት ትንሽ የወፎች ደሴት እንድትጠበቅ ባዘዙ ጊዜ ነው። አላስካ ዛሬ 16 መጠለያዎች አሏት። አብዛኞቹ የአሁን ቅርጻቸውን ያገኙት ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር በታኅሣሥ 1980 በፈረሙት ሕግ ነው። ይህ ሕግ ደግሞ ሌላ አገር ብዙ ጊዜ የተረሳ አንድ ነገር አስታውሷል፦ መሬቱ ላይ ሰው እንዳለ። በገጠር የሚኖሩ አላስካውያን በመጠለያው ውስጥ ለቀለባቸው ማደን፣ ማጥመድ፣ እንጆሪ መልቀም ይችላሉ። በኔ እምነት የዚህ ሕግ ትልቁ ጥበብ እዚህ ላይ ነው። እንስሳን ለመጠበቅ ተብሎ ሰውን ከቀዬው ማንሣት የግድ አለመሆኑን አሳይቷል።

የአርክቲክን ክበብ አልፎ፣ 282ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ኮልድፉት አለች፤ ማደያ፣ ምግብ ቤት፣ ማደሪያ፣ በቃ። ከመንገዱ ማዶ ሦስት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በጋራ የሚያስተዳድሩት የጎብኚዎች ማዕከል አለ። በስተ ምዕራብ ያለውን የካኑቲ መጠለያ ለማየት የሚፈልግ ሰው ካርታውንና የድብ ምክሩን ከዚህ ይወስዳል። ምክሩ አጭር ነው፦ የምግብ ሽታ ያለበትን ሁሉ፣ የጥርስ ሳሙና ሳይቀር፣ ድብ በማይከፍተው ጣሳ ዝጋ፤ ከድንኳንህ ራቅ ብለህ አብስል፤ ስትሄድ ድምፅህን አሰማ። የአጎቴ ልጅ የኋለኛውን በደስታ ተቀበለና ቀኑን ሙሉ የጥላሁንን ዘፈን እያንጎራጎረ ዋለ።

ያደርነው ከኮልድፉት ትንሽ አለፍ ብሎ በሚገኘው ማሪየን ክሪክ ነው። 27 የድንኳን ቦታ፣ የእጅ ፓምፕ ያለው የውኃ ጉድጓድ፣ ንጹሕ መጸዳጃ፣ ከጎን ደግሞ ድንጋይ ለድንጋይ እየዘለለ የሚወርድ ቀዝቃዛ ጅረት አለው። ቢምቢው ግን ለጉድ ነው፤ ፊት ላይ የሚጠለቅ መረብ ሳይዙ መምጣት አይገባም፤ ሻይ የሚጠጣውም መረቡን ገለጥ፣ ከደን እያደረጉ ነው። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ አልጠለቀችም ነበር። ከተራራው ጫፍ ላይ ተንሸራትታ ጥቂት ከሄደች በኋላ ተመልሳ ወጣች። ሰውነት መቼ መተኛት እንዳለበት ግራ ይገባዋል። ወፎቹም ያው ሌሊቱን ሙሉ ጫጩት ይቀልባሉ።

ከድንኳኑ ጀርባ ያሉት ስፕሩስ ዛፎች የአውራ ጣት ውፍረት ነበራቸው፤ እንዲህ ያለ ዛፍ መቶ ዓመት ሊሆነው ይችላል። ለምን እንዳልወፈሩ ለማወቅ ተንበርክኬ እጄን መሬቱን በሸፈነው አረንጓዴ ሽበት ውስጥ ሰደድኩ። ላዩ ደረቅና ሞቃት ነው። አንጓዬ ሲደርስ ረጠበ። ክርኔ ሳይደርስ ጣቴ ጠንካራ ነገር ነካ፤ ድንጋይ መስሎኝ ነበር፣ ግን በጣቴ ሙቀት ላዩ መቅለጥ ጀመረ። በረዶ ነው። በሐምሌ ዋዜማ፣ ፀሐይ በማይጠልቅበት አገር፣ ከሣሩ ሥር ክንድ በማይሞላ ጥልቀት ያልቀለጠ መሬት አለ። ፐርማፍሮስት የሚሉት ይህን ነው። ዝናብ እዚህ ትንሽ ነው፤ የዘነበው ውኃ ግን የሚሰርግበት ስለሌለው ላይ ላዩን ይተኛል። ረግረጉ፣ ሐይቁ፣ ቢምቢው፣ ቢምቢውን የሚበላው ወፍ ሁሉ የተሠራው በዚህ በረዶ ወለል ላይ ነው።

ቧንቧውም ያለበትን ችግር ያገኘው ከዚሁ ነው። ከመሬት የሚወጣው ዘይት ትኩስ ስለሆነ ቢቀበር በረዶውን ያቀልጠዋል፤ መሬቱ ሲሰምጥ ቧንቧው ይሰበራል። ስለዚህ ከርዝመቱ ግማሽ የሚበልጠው በብረት እግሮች ላይ ከፍ ብሎ ቆሟል። በብዙዎቹ እግሮች ውስጥ አሞኒያ የያዙ ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ፤ አሞኒያው በክረምት የአፈሩን ሙቀት እየወሰደ በእግሩ አናት ላይ ባሉት ክንፎች ወደ አየር ይበትናል፤ መሬቱ እንደ በረደ ይቆያል። ዘይት የሚያወርድ መሣሪያ ራሱ የቆመበት መሬት እንዳይቀልጥ እንዲህ መጨነቁን ሳይ፣ ዘይቱ ተቃጥሎ ወደ አየር ከገባ በኋላ ለዚያው በረዶ ማን እንደሚጨነቅ መጠየቅ አልቀረልኝም።

ወደ ሰሜን ሲቀጥሉ ዛፍ እያነሰ ይሄዳል፤ ከዚያ ያልቃል። ቀድሞ በመንገዱ ዳር «የመጨረሻው የሰሜን ስፕሩስ» ተብሎ ምልክት የተተከለለት አንድ ዛፍ ነበር፤ እንዳይቆረጥም ተጽፎበት ነበር። በ2004 አንድ ሰው ግንዱን አቁስሎ ገደለው። ዛፉ ከመንገድ ርቆ ቢሆን ኖሮ እዚያው ይኖር ነበር። ከዚያ መንገዱ 1,444 ሜትር ከፍታ ባለው የአቲገን መተላለፊያ ላይ የብሩክስን ተራሮች ይሻገራል፤ ማዶው ቱንድራ ነው፤ እስከ ውቅያኖሱ ድረስ አንድ ዛፍ የለም።

በጋልብሬዝ ሐይቅ አጠገብ ያለው የካምፕ ቦታም እንደ ፋይቭ ማይል የድሮ የቧንቧ ሠራተኞች ሰፈር ነው። ከዚያ ደቡብ ምሥራቅ፣ የአቲገን ወንዝ ወደ ጠባብ ገደል በሚገባበት በኩል በእግር ሲሄዱ የአርክቲክ ብሔራዊ የዱር እንስሳት መጠለያ ይጀምራል። 78,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ይህ መሬት በውስጡ አንድ መንገድ የለውም፤ የተሠራ የካምፕ ቦታ የለውም፤ በቀለም የተመራ የእግር ዱካም የለውም። አብዛኛው ጎብኚ የሚገባው በትንሽ አውሮፕላን ሆኖ ሺንጀክን፣ ኮንጋኩትን ወይም ሁላሁላን በጎማ ጀልባ ለመውረድ ነው። እኛ ከመንገዱ ወርደን በእግራችን ገባን። መሬቱ ለእግር ያስቸግራል፤ የሣር ጉብታዎቹ ሲረገጡ ይዘማሉ፣ በመካከላቸው ያለው ውኃ ጫማ ይሞላል። ከገደሉ ጫፍ ላይ ነጫጭ የዳል በጎች ተደርድረው ሲግጡ ይታዩ ነበር።

እኔን ያቆመኝ ግን ከእነርሱ በጣም ያነሰ ነገር ነው። ከተንሸራተተ ድንጋይ ክምር ላይ ጀርባዋ ግራጫ፣ ዓይኗ ላይ ጥቁር መስመር ያላት ወፍ ብድግ ብላ ጅራቷን እያወዛወዘች ቆመች፤ ስትበር ከጅራቷ በላይ ያለው ነጭ ብልጭ አለ። ዊትኢር ትባላለች። ክብደቷ 25 ግራም ገደማ ነው። ተመራማሪዎች በአላስካ ከሚራቡት ጥቂቶቹ ጀርባ ላይ ቦታ መዝጋቢ መሣሪያ አስረው በ2012 ያወጡት ውጤት እንዳሳየው፣ እነዚህ ወፎች ክረምት ሲገባ ሳይቤሪያን፣ መካከለኛው እስያንና የዓረብ በረሃን አቋርጠው ምሥራቅ አፍሪካ ይወርዳሉ፤ መሣሪያ የታሠረባቸው የሰነበቱት በሱዳን፣ በኡጋንዳና በኬንያ ነበር። አንዱ ጉዞ 14,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለመሄድ ሦስት ወር፣ ለመመለስ ሁለት ወር ይወስድባቸዋል። ኢትዮጵያ ውስጥም ከመስከረም በኋላ በታረሰ ማሳና በድንጋያማ ሜዳ ላይ ይህችው የወፍ ዓይነት ትታያለች።

«ይቺ?» አለ የአጎቴ ልጅ። «ይቺማ አያቴ ማሳ ላይ አለች እኮ።» ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ረጅም ሰዓት አያት።

ይህ መጠለያ የተመሠረተው በ1960 በፕሬዚዳንት አይዘንሃወር አስተዳደር ነው። ከዚያ በፊት በ1956 ኦላውስና ማርዲ ሙሪ የተባሉ ባልና ሚስት በሺንጀክ ወንዝ ዳር ድንኳን ተክለው በጋውን አሳልፈው ነበር፤ ያዩትን ይዘው ዋሽንግተን ድረስ ተከራከሩ። በ1980ው ሕግ መጠለያው ሲሰፋ የባሕሩ ዳር ሜዳ ግን ጉዳዩ ሳይቋጭ ቀረ፤ ከሥሩ ዘይት አለ ተብሎ ይታመናልና። ፖርኪዩፓይን የሚባለው የካሪቡ መንጋ ግልገሎቹን የሚጥለው እዚያ ነው፤ አዲስ ቅጠል አለ፣ ተኩላ ያንሳል፣ የባሕር ነፋስ ቢምቢውን ያባርራል። ከተራራው በስተ ደቡብ የሚኖሩት ግዊቺን ሕዝቦች ኑሯቸው በዚህ መንጋ ላይ ስለሆነ ቁፋሮውን ለአሥርት ዓመታት ተቃውመዋል። በሜዳው ዳር በካክቶቪክ የሚኖሩ ብዙ ኢኑፒያቶች ደግሞ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ የሠራላቸው የዘይት ግብር ነው ብለው ይደግፉታል፤ የእነርሱንም ቃል ማቃለል አይገባም። በ2017 ኮንግረሱ ለኪራይ ከፈተው። በጥር 2025 በወጣው ጨረታ ላይ ግን አንድም ተጫራች አልቀረበም። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ሕግ ተጨማሪ ጨረታዎች እንዲካሄዱ አዟል።

ስንመለስ ከኮልድፉት ወደ ደቡብ 22 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ መኪናውን አቆምን። የሚታይ ነገር የለም፤ ስፕሩስና ሰማይ። አምብለር የሚባለው መንገድ ከዳልተን እንዲገነጠል የታቀደው ከዚህ አካባቢ ነው። ወደ ምዕራብ 340 ኪሎ ሜትር ሄዶ የመዳብ ማዕድን ወዳለበት ይደርሳል፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ጅረቶችን ይሻገራል። በ2024 መንግሥት ፈቃድ ከለከለው፤ በጥቅምት 2025 ቀጥሎ የመጣው አስተዳደር ፈቀደው። ብዙ የአትባስካን መንደሮች ይቃወሙታል። የዕቅዱ አቅራቢዎች መንገዱ ለማዕድን ሥራ ብቻ እንጂ ለሕዝብ ክፍት እንደማይሆን ይናገራሉ። የመንደሮቹ ሰዎች ይህን ቃል የሚመዝኑት በዳልተን ነው። እርሱም በ1974 ሲሠራ ለነዳጅ ሥራ ብቻ ነበር፤ በ1981 እስከ 340ኛው ኪሎ ሜትር ድረስ ለሕዝብ ተከፈተ፤ በ1994 እስከ ዳር። እኔ በዚያ መንገድ ሄጄ ድንኳን ተክዬበታለሁ፤ ሰሜኑን ያየሁትም በእርሱ ነው። ሁለተኛ እንዲሠራ ግን አልፈልግም።